የክብሪት ቀፎ የሚያክል ኮምፒውተር

እማዬ መዳፏ ላይ አድርጋ አገላበጠችው። «ይሄ ነው ኮምፒውተሩ? ስክሪኑስ?» አለችኝ። የለውም አልኳት። «መጻፊያውስ?» እሱም የለውም። መለሰችልኝና ወደ ሽንኩርቷ ዞረች። «ልጄን አታለሉት» ስትል ሰማኋት፤ ለእኔ ሳይሆን ለድስቱ።

አልፈርድባትም። ራስበሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብሊው የሚባለው ይህ ዕቃ ርዝመቱ 6.5፣ ወርዱ 3 ሳንቲ ሜትር ነው። የክብሪት ቀፎ ቢያክል ነው። ግን ሙሉ ኮምፒውተር ነው፤ ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰር፣ 512 ሜጋባይት ራም፣ ዋይፋይና ብሉቱዝ አለው። የመጀመሪያው ራስበሪ ፓይ በየካቲት 2004 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ለገበያ ሲቀርብ ሐሳቡ ልጆች ሳይፈሩ የሚነካኩት ርካሽ ኮምፒውተር ይኑራቸው የሚል ነበር። ትንሹ ዜሮ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ዋጋው 5 ዶላር ነበር፤ እንዲያውም መጽሔት ሽፋን ላይ ተለጥፎ በነጻ ታድሏል። የኔው ዓይነት በ2021 እ.ኤ.አ. በ15 ዶላር ወጣ።

15 ዶላር ሲባል ቀላል ይመስላል። ጀሞ ሁለት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብላችሁ ስታስቡት ግን ሌላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ባየሁ ቁጥር በብር ማባዛት ለምዶብኛል። ደግሞ ብሩ ቢኖርም ሰው ያስፈልጋል። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ በቫይታሚንና በሕፃን ልብስ መሐል ይዛልኝ መጣች። ሚሞሪ ካርዱን እዚሁ ገዛሁ። ላዩ ላይ 64 ጊጋ ይላል፤ ሞልቼ ስሞክረው ግማሹን እንኳ አልያዘም። ሌላ ገዛሁ። ምን ላርግ?

ለምን ፈለግኩት? ታናሽ እህቴ 12ኛ ክፍል ነች። አብዛኞቹ መጽሐፎቿ በቴሌግራም የሚዞሩ ፒዲኤፎች ናቸው። የምታነበው በእማዬ ስልክ ነው፤ ስልኩ ሁሌ ሙሉ ነው፣ ፓኬጁ ሁሌ ያልቃል። ከዚያ የእኔን ስልክ ትለምነኛለች፣ ከዚያ እንጣላለን። በ2012 ክረምት፣ ትምህርት ቤት በኮቪድ በተዘጋበት ጊዜ፣ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲጠፋ በቴሌግራም ይላክላት የነበረው ትምህርት አብሮ ጠፋ። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ደስ ብሏት ነበር። አሁን ግን ከፊቷ ያለው ማትሪክ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። እነዚህን ቁጥሮች ቤታችን ውስጥ ማንም ጮክ ብሎ አይጠራቸውም።

ሐሳቤ ይሄ ነበር፤ ሰሌዳው የራሱን ዋይፋይ ይልቀቅ። ኢንተርኔት የለውም፤ ግን ከዚያ ዋይፋይ ጋር የተገናኘ ስልክ ያለ ምንም ፓኬጅ መጽሐፎቹን ይከፍታል። ኪዊክስ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ደግሞ የአማርኛውን ዊኪፔዲያ እጭንበታለሁ።

የመጀመሪያው ሌሊት ከመሥሪያ ቤት ባመጣሁት ላፕቶፕ ሲስተሙን ካርዱ ላይ ጻፍኩ፣ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል አስገባሁ፣ ሰሌዳውን በድሮ ቻርጀር ሰካሁት። አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ ብልጭ አለ። ከስልኬ ሆትስፖት ጋር ግን አልገናኝ አለ። ስክሪን ስለሌለው ምን እንደሆነ አይነግራችሁም፤ ዝም ብሎ ብልጭ ይላል። ካርዱን አውጥቼ እንደገና ጻፍኩ። አሁንም ያው።

እህቴ የፊዚክስ ደብተሯን ይዛ መጣች። «ይቺን ታሳየኛለህ?»

«ቆይ፣ ይሄን ልጨርስ።»

ትንሽ ቆማ ሄደች። በሁለተኛውም ሌሊት መጣች። በሁለተኛውም «ቆይ» አልኳት፤ ቀና እንኳ አላልኩም።

በሦስተኛው ሌሊት ነገሩ ገባኝ። የስልኬ ሆትስፖት በ5 ጊጋኸርዝ ነበር የተስተካከለው፤ ይቺ ሰሌዳ የምታውቀው 2.4 ብቻ ነው። ስልኬ ላይ አንድ ምርጫ ቀየርኩ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ያለው ተከታትሎ ሄደ። እኩለ ሌሊት ላይ የእማዬን ስልክ ከሰሌዳው ዋይፋይ ጋር አገናኝቼ 10.42.0.1 ብዬ ስጽፍ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉት መጽሐፎች ተደርድረው መጡ። ብቻዬን ሳቅኩ።

በማግስቱ ማታ መብራት ጠፋ። ሰሌዳውን ፓወር ባንክ ላይ ሰካሁትና እህቴን ጠራኋት። ስልኩን ተቀብላ መጽሐፎቹን ወደ ላይ ወደ ታች አየቻቸው። «አሪፍ ነው» አለች። የምሯን ነው፤ አውቃታለሁ። ከዚያ ግን ያንኑ ደብተር አመጣች። «መጽሐፉማ ነበረኝ እኮ። ያልገባኝን የሚያስረዳኝ ነው ያጣሁት።»

ሦስት ሌሊት ስትጠይቀኝ የነበረውን ያኔ አየሁት። ትራንዚስተር። አሁን እጄ ላይ ባለችው ሰሌዳ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ዕቃ። ላስረዳት አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ተምሬው ነበር፣ ፈተናውንም አልፌ ነበር፤ ግን እንዴት እንደሚሠራ ለሰው መንገር አልቻልኩም። ምናልባት «ቆይ» ስላት የኖርኩት ለዚህ ይሆናል። ሰሌዳው ላይ ሲበላሽብኝ የሚያየኝ የለም። እሷ ፊት ሲጠፋብኝ ግን ትልቅ ወንድም ነኝ።

«እኔም አላውቀውም» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። የምትስቅብኝ መስሎኝ ነበር። «በቃ ከመጀመሪያው እናንብበው» አለችና ወንበሯን አስጠጋች። ፒዲኤፉን ከፈተች፤ ምዕራፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርን። ሁለታችንም ያልገባን ጋ ስንደርስ እንመለሳለን፣ ወረቀት ላይ እንስላለን፣ እንከራከራለን።

ፈተናው ገና ነው። ምን እንደምታመጣ አላውቅም። አሁን እራት ከተበላ በኋላ አንድ ሰዓት የእሷ ነው፤ ሰሌዳው ቴሌቪዥኑ ጀርባ ብልጭ ብልጭ ይላል። ከታች ያሉት የጎረቤት ልጆችም የይለፍ ቃሉን አግኝተዋል፤ ማን እንደሰጣቸው አላውቅም፣ እኔ እማዬን ነው የምጠረጥረው። ትናንት ደረጃው ላይ ለአንዷ ጎረቤት ስታወራ ሰምቻታለሁ፤ «ልጄ የሠራው ነው። ስክሪን እንኳ የለውም!»