ድምፅ የሌለውን እንስሳ ስለ መጠበቅ

ላም ጥጃዋ በራቀባት ጊዜ ትጮኻለች፤ ውሻም በራበው ጊዜ ያላዝናል። ዓሣ ግን ቢርበው፥ ቢታመም፥ ትንፋሽም ቢያጥረው ጌታውን የሚጠራበት ድምፅ የለውም። እኛ ይህን በጥፋታችን ስለ ተማርነው፥ በግቢያቸው ኵሬ ቈፍረው ዓሣ ለማርባት ለሚያስቡ አንባቢዎቻችን ይጠቅማል ብለን ልንጽፈው ወደድን።

በ2013 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ባለው አትክልታችን ውስጥ ርዝመቱ 20፥ ወርዱ 10፥ ጥልቀቱም 1 ሜትር የሚሆን ኵሬ አስቈፈርን። ምክር የጠየቅነው ባለሙያ፥ እንዲህ ላለው ኵሬ በአንድ ካሬ ሜትር 2 የቆሮሶ ጫጩት፥ በጠቅላላውም 400 ይበቃል አለን። እኛ ግን ዓሣው በበዛ ቍጥር ትርፉ ይበዛል ብለን 1,200 ጨመርንበት። ፉርሽካውንና የኑጉን ፋጉሎም ጧትና ማታ ያለ ልክ እንበትንላቸው ነበር። ውሃው እንደ ጎመን አረንጓዴ በሆነ ጊዜ የልማት ምልክት መስሎን ደስ አለን።

በአራተኛው ወር አንድ ቀን ማለዳ ትንሿ ልጃችን ሮጣ መጥታ «አባዬ፥ ዓሦቹ ሁሉ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ራባቸው መሰለኝ» አለችን። እኛም እውነት መስሎን ሌላ አንድ ጣሳ ፉርሽካ ጨመርንላቸው። ፀሐይ ሞቅ ሲል ወደ ታች ስለ ተመለሱ ጠገቡ አልን። በማግሥቱ ግን ከ300 የሚበልጡት ሞተው ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ሲንሳፈፉ አገኘናቸው። ልጃችንም «ትናንትና ነግረውን ነበርኮ» አለች፤ የምንመልሰው ቃል አልነበረንም።

ምክንያቱን ኋላ ባለሙያው አስረዳን። ዓሣ በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን በስንጥቡ ይተነፍሳል። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉት ደቃቅ ዕፀዋት ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክሲጅን ይሰጣሉ፤ ሌሊት ግን እነርሱም ከዓሣው ጋራ ይሻሙታል። የተረፈውም ምግብ ሲበሰብስ የቀረውን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ኦክሲጅን እጅግ የሚያንሰው ጎሕ ሲቀድ ነው። ዓሦቹ አፋቸውን የከፈቱት ምግብ ፈልገው ሳይሆን አየር አጥተው ኖሯል፤ ፉርሽካችንም በሕመማቸው ላይ ሕመም ጨመረ።

ከዚያ ወዲያ ምግቡን አቋርጠን፥ ንጹሕ ውሃ ከፍ ካለ ቦታ እየወረደ አየር ይዞ እንዲገባ አደረግን፤ ቍጥራቸውንም ቀነስን። አሁን የምንሰጠው በሩብ ሰዓት ውስጥ በልተው የሚጨርሱትን ብቻ ነው። ክንዳችንንም እስከ ክርናችን ውሃው ውስጥ አግብተን መዳፋችን ካልታየን፥ ፍግም ሆነ ምግብ አንጨምርም። የቆሮሶ እናት ዕንቍላሏን በአፏ ይዛ የምትፈለፍልና እስክትጨርስ ድረስ የማትመገብ ስለ ሆነች፥ መረቡን ያለ ጕዳይ አንጐትትም።

ስለ ዕርዱም አንድ ነገር እንጨምራለን። ብዙ ሰው ዓሣውን ከውሃ አውጥቶ እስኪሞት ድረስ በሣር ላይ ሲንፈራገጥ ይተወዋል። በግ ታፍኖ ይሙት የሚል ሰው በመካከላችን የለም፤ ዓሣውም ስላልጮኸ ሥቃይ የለበትም ማለት አይገባም። እኛ ራሱን በዱላ አንድ ጊዜ አጥብቀን በመምታት ካደነዘዝነው በኋላ ቶሎ በቢላዋ እናርደዋለን።

በሁለተኛው ዙር በልኩ ያረባናቸው 400 ዓሦች ከፊተኞቹ ይልቅ አድገው ለገበታችን በቁ። ይሁን እንጂ የፊተኞቹን አልረሳናቸውም። ዛሬም ቡና ሳይፈላ ከልጃችን ጋራ ወደ ኵሬው ወርደን የውሃውን ፊት እናያለን። እንስሳው መናገር ካልቻለ፥ ማየት የጌታው ግዴታ ነውና።