ግራ ቀኙ ይሰማ

ቴሌግራፍ አቬኑ ከኦክላንድ መሀል ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያበቃል። በዚህ መንገድ ዳርና ዳር የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶችና ቡና ቤቶች አሉ፤ ከነዚህም በአንደኛው ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰበሰብ፣ በወጣትነታችን የተማሪ ማኅበር አባላት የነበርን ጥቂት ሽማግሌዎች ነን። በቅርቡ የአንድ ወዳጃችን የልጅ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነች ልጅ፣ ለትምህርቷ የምታዘጋጀውን መጠይቅ ይዛ ወደ ጠረጴዛችን መጣች። «እናንተ በፖለቲካ አመለካከታችሁ ሊበራል ናችሁ ወይስ ኮንሰርቫቲቭ? ግራ ናችሁ ወይስ ቀኝ?» ስትል ጠየቀችን።

እርስ በርስ ተያየን። ከመካከላችን አንዱ «ልጄ፣ ግራ ገባን» አላትና ሳቅን። እርሷ ግን እርሳሷን አዘጋጅታ «እንግዲያው ግራ ብዬ ልጻፍ?» ባለች ጊዜ ሁላችንም ባንድ ድምፅ «ቆዪ! ቆዪ!» ብለን ጮኽን። ልጅቱ ደንግጣ ቀና አለችና «ጋሼ፣ ምን ያስፈራችኋል? ወረቀት እኮ ነው» አለች። መልስ የሰጣት አልነበረም። ይህ ጽሑፍ በዚያን ቀን ያልሰጠናት መልስ ነው።

ፍርሃታችን ከቃላቱ ጋር ካለን የቆየ ትውውቅ የመጣ ነው። በእኛ ዘመን «ሊበራል» ስድብ ነበር። ማኦ ሴቱንግ እ.ኤ.አ. በ1937 ሊበራሊዝምን ስለ መዋጋት የጻፉትን አጭር ጽሑፍ በጥናት ክበባችን ደጋግመን አንብበናል። እንደዚያ ጽሑፍ ትምህርት ሊበራል ማለት አብሮ አደጌ ነው፣ ያገሬ ልጅ ነው፣ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው እያለ የሰውን ስሕተት በዝምታ የሚያልፍ፣ ከመርሕ ይልቅ ሰላምን የሚመርጥ ልል ሰው ነው። «ኮንሰርቫቲቭ» የሚለውን ቃል እምብዛም አንጠቀምበትም ነበር፤ በቦታው «አድኃሪ» የሚል ነበረን። ይህም ቃል የክርክር መነሻ ሳይሆን የክርክር መዝጊያ ነበር። አድኃሪ የተባለ ሰው ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሁሉ አድኃሪነቱን ከማረጋገጥ በቀር ሌላ ጥቅም አልነበረውም።

በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1971 ሎስ አንጀለስ ላይ ባደረገው ጉባኤ ከተከፈለ በኋላ፣ ትናንት አብረን ያደርን ሰዎች በየጎራችን ቆመን መተያየት ጀመርን። ከጥናት ክበባችን አባላት አንዱ ግን በወዲያኛው ጎራ ከነበረ አብሮ አደጉ ጋር ምሳ ሲበላ ታየ። በሚቀጥለው እሑድ በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባችን አቆምነውና ሊበራልነቱን እንዲያምን ጠየቅነው። «እንጀራ ነው የበላነው፤ መስመር አልተለዋወጥንም» አለ። ይህ መልስ ራሱ የሊበራልነቱ ማስረጃ ነው ብለን ድምፅ ሰጠን። እጁን ያላወጣ ከመካከላችን አልነበረም። ሰውየው ካፖርቱን አንሥቶ ደረጃውን ወረደ። ከመስኮት ሆነን አየነው፤ የጠራው ግን የለም።

እዚህ በባዕድ አገር ቃል ቃል ብቻ ነበርና በሰውየው ላይ ከብቸኝነት በቀር የደረሰበት ጉዳት የለም። ያው ቃል ባሕር ተሻግሮ አገር ቤት ሲደርስ ግን ጠመንጃ ይዞ ነበር። በዚሁ በበርክሌይ የኬሚካል ምሕንድስና የተማሩት ዶክተር ሰናይ ልኬ ወደ አገራቸው ተመልሰው ወዝ ሊግን መሠረቱ፤ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ በተገደሉበት ዕለት እርሳቸውም በደርግ ጽሕፈት ቤት ግቢ ሕይወታቸው አለፈ። ኢሕአፓና መኢሶን ሁለቱም በማርክስና በሌኒን ስም የሚምሉ፣ ሁለቱም ግራ ነን የሚሉ ድርጅቶች ነበሩ። ይሁንና ኢሕአፓ መኢሶንን «ባንዳ» አለው፤ ደርግ ኢሕአፓን «አናርኪስት» ብሎ ፈጀው፤ መኢሶንም በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ከደርግ ተለይቶ ወደ ኅቡዕ በገባ ጊዜ እርሱም በተራው «ቀኝ መንገደኛ» ተባለ። በቀይ ሽብር ጊዜ በየአደባባዩ የተጣለው የወጣት አስከሬን የተሰጠው ስም በወረቀት ተጽፎ ደረቱ ላይ ይለጠፍ ነበር። እናት ልጇን ሳታነሣ በፊት ምን ተብሎ እንደሞተ ታነባለች ማለት ነው። ወረቀት እኮ ነው ያልሽን ልጃችን፣ የፈራነው ይህንኑ ወረቀት ነው።

ይህ የእኛ ታሪክ ነው፤ የአሜሪካኖቹ ቃላት ምን በደሉ? የሚል አንባቢ ይኖራል። የአሜሪካኖቹ ቃላት ሰው የማይገድሉ ቢሆኑም አንድ ቦታ ረግተው የማይቀመጡ መሆናቸውን ይኸው መንገዳችን ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1964 ዩኒቨርሲቲው ቴሌግራፍ ከግቢው በር በሚገናኝበት ስፍራ ተማሪዎች የፖለቲካ ጽሑፍ የሚያድሉበትን ጠረጴዛ ከለከለ። በጥቅምት 1 ቀን አንድ ወጣት በተያዘ ጊዜ ተማሪዎቹ የፖሊሱን መኪና ከብበው 32 ሰዓት ያህል አላንቀሳቅስም አሉ፤ በመኪናው ጣሪያ ላይ እየወጡም ተናገሩ። የመናገር ነፃነት ያን ጊዜ የግራዎቹ ዐርማ ነበር። ከ52 ዓመት በኋላ በየካቲት 2017 በዚያው ግቢ አንድ የቀኝ ተናጋሪ እንዳይናገር ተቃዋሚዎች ሲያግዱት፣ የመናገር ነፃነት ተጣሰ ብለው የጮኹት ቀኞቹ ነበሩ። የመሣሪያ ነገርም እንዲሁ ነው። በኦክላንድ የተመሠረተው የብላክ ፓንተር ፓርቲ አባላት ጠመንጃ ይዘው አደባባይ በወጡ ጊዜ፣ በ1967 በካሊፎርኒያ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ በአደባባይ መያዝን የሚከለክለውን ሕግ የፈረሙት የኮንሰርቫቲቮቹ አለኝታ ገዥው ሮናልድ ሬጋን ነበሩ።

የእኛን የራሳችንን የመግቢያ በር ማን ከፈተው ብለን ብንጠይቅም መልሱ ከአንድ ወገን አይገኝም። የ1980ውን የስደተኞች ሕግ የፈረሙት ዴሞክራቱ ካርተር ናቸው። ያለ ወረቀት ለቆዩት ምሕረት የሰጠውን የ1986ቱን ሕግ የፈረሙት ሪፑብሊካኑ ሬጋን፣ በኋላ ብዙ ወገኖቻችን በዕጣ የገቡበትን ዲቪ ያስገኘውን የ1990ውን ሕግ የፈረሙት ደግሞ ሪፑብሊካኑ ቡሽ ናቸው። ባንድ ቡና ቤት ውስጥ የሦስቱም ባለ ዕዳዎች አብረን እንቀመጣለን።

እኛም ብንሆን በዚህ አገር ፓርቲ የምንመርጠው በዚህ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ማመን ይገባናል። በጥቅምት 2020 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ግብፅ የአባይን ግድብ ልታፈነዳው እንደምትችል በተናገሩ ጊዜ ከመካከላችን ብዙዎቹ አንድ ሌሊት ሳያድሩ ዴሞክራት ሆኑ። በመስከረም 2021 ፕሬዚዳንት ባይደን በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የማዕቀብ ትእዛዝ ሲያወጡ አንዱ ተቆጥቶ ሪፑብሊካን ሆነ፤ ቤተ ሰቡ በትግራይ የነበረው ሌላው ደግሞ ትእዛዙ መዘግየቱን እንጂ መውጣቱን አልተቃወመም። ሁለቱ የዐርባ ዓመት ወዳጆች ናቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንዱ በመስኮቱ በኩል፣ ሌላው በበሩ በኩል ይቀመጣሉ፤ እኛም ሳንነጋገር በሁለት ጠረጴዛ ተከፈልን። የፕሪቶሪያው ስምምነት በኅዳር 2022 ተፈረመ። የእኛ ጠረጴዛዎች ግን እስከ ዛሬ አልተገናኙም።

እንግዲህ ቃላቱ ይህን ያህል የማያስተማምኑ ከሆኑ ዝም እንበል? አይደለም። ፈርቶ ዝም ማለት ሌላው የእኛ ትውልድ በሽታ ነው። አንድ ጊዜ ሁሉን በጩኸት ተናግረን፣ ከተቃጠልን በኋላ ሁሉን በዝምታ ቀበርን፤ ልጆቻችንም የምናምነውን ሳያውቁ አደጉ። ስለዚህ ስም ሳንሰጥ ነገር በነገር እንመልሳለን።

ስለ መሬት። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ ሰልፍ በወጣ ጊዜ ጭሰኛው ያመረተውን እየተካፈለ የሚኖር ባላባት መኖሩን ተቃወምን፤ ዛሬም እንቃወማለን። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ያንን ሥርዓት በማፍረሱ አንዳችም ጸጸት የለብንም። ነገር ግን አዋጁ መሬቱን ከባላባቱ ወስዶ የሕዝብ ሀብት ነው ቢልም፣ ገበሬው ከባላባት ጭሰኝነት ወጥቶ የመንግሥት ጭሰኛ እንዳይሆን የሚጠብቀው ነገር አላገኘም። በ1987ቱም ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ገበሬው በመሬቱ ላይ ማንም ባለ ሥልጣን የማይነጥቀው ጽኑ መብት እንዲኖረው እንሻለን። ይህን ያለ ሰው በአዲስ አበባ ሊበራል ይባላል፤ በዚህ አገር የግል ንብረት ይከበር ያለ ኮንሰርቫቲቭ ይባላል። አንድ ሰው አውሮፕላን ላይ ተኝቶ ሲነቃ ስሙ ተለውጦ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ስለ መንግሥት። በቀበሌ ማኅተም ሲታሰር ሲፈታ የኖረን ሰው መንግሥትን እመን ማለት ይከብዳል። ሥልጣን ገደብ ይኑረው፣ ዳኛ ከሹም ይለይ፣ ጋዜጣ አይዘጋ እንላለን። እንዲሁም በዚህ ዕድሜያችን የሐኪም ቤት ዕዳችንን የሚከፍልልን ሜዲኬር የመንግሥት ሥራ ነውና መንግሥት ሁሉ ይጥፋ ከሚሉት ጋር አንቆምም። በመኪና ማቆሚያና በታክሲ ሌሊቱን ያነጋን ሰዎች በመሆናችንም ሠራተኛ ተደራጅቶ ስለ ደመወዙ የመደራደር መብቱ እንዲነካ አንፈቅድም።

ስለ ወግ። ኮንሰርቫቲቭ የሚለውን ዛሬ በአማርኛ «ወግ አጥባቂ» ይሉታል። ለእናቶቻችን ይህ ምርቃት በሆነ ነበር፤ «ወግ ማዕረግህን ያሳየኝ» እያሉ ነው ያሳደጉን። ሽማግሌ ሲገባ እንነሣለን፤ ጾም እንጾማለን፤ እድራችንን በባዕድ አገርም አልተውነውም። በዚህ ሁሉ ወግ አጥባቂዎች ነን። ሆኖም ሕፃን ልጅ መዳርም ወግ ነበር፤ ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን ቡዳ ብሎ ማራቅም ወግ ነበር። ይህን ወግ የሚያጠብቅ ቢገኝ እኛ እናላላለን። ወግ ሲጠብቅ ማንን እንደሚያንቅ ሳይጠይቁ ማጥበቅም፣ ሲፈታ ማን ሜዳ ላይ እንደሚቀር ሳይጠይቁ መፍታትም አንድ ዓይነት ስንፍና ነው።

አሁን ወደዚያ ሰው እንመለስ። ካፖርቱን ይዞ የወጣው ወዳጃችን ከዚህ ከተማ አልራቀም። በጎራችን ተመልሶ አልገባም፤ ወደ ወዲያኛውም አልሄደም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዚያ እሑድ እጃቸውን ካወጡት አንዱ ባረፈ ጊዜ፣ አስከሬኑ ወደ አገሩ እንዲሄድ ከቡና ቤት ቡና ቤት እየዞረ ገንዘብ የሰበሰበው እርሱ ነው። በየበሩ ሲገባ ሰጪውን ስለ ዘሩም ስለ ፓርቲውም አልጠየቀም። አብሮ አደጌ ነው፣ ያገሬ ልጅ ነው ብሎ ስሕተትን ማለፍ ሊበራልነት ከሆነ፣ ያ ሰው ከመጀመሪያውም ሊበራል ነበር፤ ቃሉን ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። በዚያን ጊዜ ሂስ ከመጠን በላይ ነበረን፤ ግለ ሂስ ግን አልነበረንም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ በዚህ ገጽ እናቀርባለን፤ በድለንሃል፤ ይቅርታ አድርግልን።

ለልጅቷ የምንለው አንድ ነገር ቀርቶናል። በፖለቲካ ግራና ቀኝ የሚለው አነጋገር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1789 በፈረንሳይ ሸንጎ የንጉሡ ሥልጣን ደጋፊዎች ከሊቀ መንበሩ በስተቀኝ፣ ተቃዋሚዎቹ በስተግራ በመቀመጣቸው ነው። እኛም ከነርሱ የወሰድነው ነው። በአገራችን ችሎት ግን «ግራ ቀኝ» የሚለው ቃል ሌላ ትርጕም አለው፤ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ሁለቱ ተከራካሪዎች ማለት ነው። ዳኛ የግራ ቀኙን ክርክር ሳይሰማ የፈረደው ፍርድ ፍርድ አይባልም። በዚህ አነጋገር ግራ መሆን ወንጀል አይደለም፣ ቀኝ መሆንም ጽድቅ አይደለም፤ የሚያስጠይቀው ሌላው ሳይሰማ መፍረድ ነው። እኛ በዚያ እሑድ ያደረግነው፣ ደርግ በአደባባይ ያደረገው፣ ዛሬም በሁለት ጠረጴዛ ተቀምጠን የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ልጃችን፣ በወረቀትሽ ላይ ምልክት ማድረግ ግድ ከሆነብሽ የመሰለሽን አድርጊ፤ አሁን አንጮኽም። ከምልክቱ አጠገብ ግን ምክንያታችንን የምትጽፊበት ቦታ ተዪልን። በሚመጣው ቅዳሜ ስትመጪም ከበሩ በኩል ያለውን ጠረጴዛ ወደ መስኮቱ ለማስጠጋት አስበናል። ከባድ ነውና አግዢን።