ነቀርሳን አስቀድሞ ስለ ማወቅ

ነቀርሳ ወይም ካንሰር የሚባለው ደዌ ሲጀምር ድምፅ የለውም። ብዙ ጊዜ አያሳምም፤ ከሥራም አያስቀርም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው መታመሙን የሚያውቀው ደዌው ከበረታ በኋላ ነው።

እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ የኖርን ነን። ነገሩ እውነት ሆኖ ሳለ የይግባኙ ቀን ስላለፈበት ብቻ የተመለሰ አቤቱታ ስንቱን አይተናል! ባለ ጉዳዩን «ምነው አስቀድመህ ባመለከትህ» እያልን ስንገሥጽ፣ በገዛ ቤታችን እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አላስተዋልንም ነበር።

ታላቅ እኅታችን በጡታቸው ላይ እንደ ሽምብራ ፍሬ ያለች እብጠት አግኝተው ከአንድ ዓመት በላይ ሸሸጉት። ግራ እጃቸውን ማንሣት ሲያቅታቸው ተመልክተን ነበር፤ ነገር ግን የሴት ገላ ነገር ነው ብለን አፍረን አልጠየቅንም። ሐኪም ባያቸው ጊዜ ደዌው ወደ ብብታቸው አልፎ ተገኘ። «እትዬ፣ ስለ ምን አልነገሩንም?» ብንላቸው፣ «እናንተስ መቼ ጠየቃችሁኝ?» አሉን። በዓመቱም ዐረፉ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ደዌውን በጊዜው የሚገልጥ ጥበብ ይኖር እንደ ሆነ ከመጻሕፍት መመርመር ጀመርን። ካገኘነውም አንዱ በብርሃን የሚሠራው ባዮሴንሰር ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። በመስታወት ላይ 50 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ያለው ወርቅ ይለበጣል፤ ይህም አንድ ሚሊሜትር ለ20,000 ቢከፈል አንዱ እጅ ማለት ነው። በወርቁ ላይ አንቲቦዲ የሚባሉ፣ የነቀርሳ ሕዋስ የሚሸከመውን ምልክት ለይተው የሚይዙ ነገሮች ይተከላሉ። በመስታወቱ በኩል ብርሃን ሲላክ በአንድ በተወሰነ ማዕዘን ላይ ወርቁ ብርሃኑን ይውጠዋል። የሚፈለገው ነገር በአንቲቦዲው በተያዘ ጊዜ ግን ያ ማዕዘን ይለወጣል፤ መሣሪያውም ለውጡን ይለካል።

ይህን የብርሃን ጠባይ በመስታወትና በብረት ልባጭ የማስነሣቱን መንገድ ኦቶና ክሬችማን የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. ገለጡ፤ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በስዊድን አገር ሊድበርግ፣ ኒላንደርና ሉንድስትሮም ፕሮቲንን ለመለየት አዋሉት።

ነገር ግን ሥራው ቀላል አይደለም። በአንድ ሚሊሊትር ደም ውስጥ 5 ቢሊዮን ያህል ቀይ ሕዋሳት ሲኖሩ፣ ከእብጠቱ ተለይተው በደም የሚዞሩት የነቀርሳ ሕዋሳት ብዙ ጊዜ በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ሌላ ፕሮቲንም በወርቁ ላይ ተጣብቆ እንደ ሐሰተኛ ምስክር ያሳስታል። ስለዚህ ነቀርሳን በዚህ መሣሪያ መለየት እስከ ዛሬ አብዛኛው በተመራማሪዎች እጅ ያለ ሥራ ነው፤ ሐኪምም አብዛኛውን ጊዜ ከእብጠቱ ቁራጭ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሳይታይ ነቀርሳ ነው ብሎ አይፈርድም።

እንግዲህ እውነቱን እንናገር። ይህ መሣሪያ በዚያ ጊዜ እኅታችንን ባላዳነ ነበር፤ አንድ ጥያቄ ግን ቀን ሳያልፍ ወደ ሐኪም ሊያደርሳቸው ይችል ነበር። የተወደዳችሁ አንባቢዎች ሆይ፣ እናታችሁን፣ እኅታችሁን፣ ባለቤታችሁን ዛሬ ማታ ጠይቁ። የማይድን እፍረት የለም፤ ቀኑ ያለፈበት ደዌ ግን እንደ ቀኑ ያለፈበት ይግባኝ ነው።