ጋሼ ዛሬም መጡ

ዛሬ ሃያ አንድ አይደል፤ እንጦጦ ማርያም አስቀድሰው፣ ጸበላቸውን በሃይላንድ ሞልተው፣ ዘመዴ ጋሼ ቁልቁል ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሱቄ ድረስ መጡ። ገና በር ላይ ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ ለምን እንደመጡ ገብቶኛል። 

"አምስት ሺህ ብቻ ከመሳቢያው አውጪልኝ። እሁድ እመልሳለሁ።"

የትኛው እሁድ ተብሎ አይጠየቅም።

"ጋሼ፣ መሳቢያው ውስጥ ያለው ብር የኔ አይደለም" አልኳቸው። ሳቁ። "ታዲያ የማን ነው? የጎረቤት ነው?"

አዎ፣ የጎረቤት ነው! የሸማኔው ነው፣ የክር ነጋዴው ነው፣ የአከራዬ ነው፣ የመንግሥት ነው፤ ከነሱ የተራረፈው ደግሞ የሱቁ ነው። እኔ የሱቁ ደሞዝተኛ ነኝ። ወር በገባ ቁጥር ከሱቁ ሂሳብ ወደ ራሴ ሂሳብ ደሞዜን አስገባለሁ፤ ጥምቀት ደርሶ ሰው በተጋፋበት ወርም ዝናብ ሲደበድበን በከረመበት ወርም ያው ነው። ከመደርደሪያው ነጠላ አንስቼ ብለብስ እንኳ ደብተር ላይ ይጻፋል፣ ከደሞዜ ይቆረጣል። "ከራስሽ ሱቅ ነጠላ ትገዢያለሽ?" ብሎ የሚስቅብኝ ሰው ብዛቱ። እገዛለሁ። ቅናሽም አልጠይቅም።

ቅናሽን ካነሳሁ አይቀር ግን ትንሽ ልተንፍስ። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ከተከፈተ ወዲህ ቅዳሜና እሁድ ከላይ የሚወርደው መኪና ለኛ ሲሳይ ነው፤ አልክድም። ግን ፈረስ ጋልባ፣ በዚፕላይን ተንሸራታ፣ ቡናዋን ዋጋ ሳትጠይቅ ጠጥታ የወረደች እህቴ እኔ ጋ ስትደርስ በድንገት ሂሳብ ሠራተኛ ትሆናለች። "ክሩ ስንት ነው? ታዲያ ይሄ ምን ያወጣል?" እመቤት፣ ይሄን ጥለት ለመጣል እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ መወርወሪያ ሲያመላልስ የዋለ ሰው አለ። ከጋሞ ደጋ ያመጣው፣ ከአባቱ የተማረው ሙያ ነው። "እዛ ጋ በግማሽ ዋጋ አለ" ትለኛለች። አለ፤ ጥለቱ በማሽን የታተመ፣ ከቻይና በኮንቴይነር የመጣ። ታጥቦ ጥለቱ ሲደበዝዝ ተመልሳ እኔው ጋ ትመጣለች፣ "የሐበሻ ልብስ ድሮ ቀረ" እያለች። የት ይቀራል! እዚህ ነው ያለው! አንቺ ነሽ አልፈሽው የሄድሽው!

ምን እያልኩ ነበር? ጋሼ።

ጋሼ የመጨረሻዋን ካርታ መዘዙ። "ይሄን ሱቅ ስትከፍቺ ብር የሰጠሁሽ እኔ አይደለሁም?"

ናቸው። የኛ ነገር የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ዘመድ ብር ሲሰጥ ስጦታ ነው፣ ብድር ነው ወይስ ድርሻ? ያን ቀን ማን ይጠይቃል፤ "ልጄ አይደለሽ እንዴ" ተብሎ ይታለፋል። ሱቁ ሲቆም ብሩ ስሙን ቀይሮ ይመጣል። የጋሼን ብር ዕቁብ ሲወጣልኝ መልሻለሁ፤ ቀኑ ደብተሩ ላይ አለ። እሳቸው ግን የመለስኩትን እንደ ስጦታ ተቀብለው፣ የሰጡኝን እንደ አክሲዮን ይዘውታል።

የ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ይጠይቅ ስለነበር ስንቱ ነጋዴ ሚስቱን ወይ ወንድሙን ለስሙ አስገብቶ ኖረ። በ2013 የወጣው አዲሱ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ይችላል አለ። ጥሩ። የኔ ቤተሰብ ግን አዋጁን አላነበበም። እኛ ዘንድ ሱቅ ሁሉ የአክሲዮን ማኅበር ነው፤ ጠቅላላ ጉባኤው ለቅሶ ቤት ይካሄዳል።

ለነገሩ እኔም በግል ንግድ ፈቃድ ነው የምሠራው። ሕጉ እኔንና ሱቁን አይለየንም፤ ሱቁ ዕዳ ቢገባ እስከ ቤቴ ፍሪጅ ድረስ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። ሕጉ ስላልለየን ነው በደብተር የምለየው።

ያልለየ ሰው ምን እንደሚገጥመው አይቻለሁ። በ2009 ክረምት ያ ለግብር የሚሆን የቀን ገቢ ግምት የመጣ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? ገማቾቹ "በቀን ስንት ትሸጫለሽ?" ሲሏት አንዷ ጎረቤቴ "ልጆቼ የበሉት ተቀንሶ ነው ሳይቀነስ?" አለች። ስንስቅ ከረምን። ግን የምሯን ነበር፤ አታውቀውም። ዳቦው ከመሳቢያው፣ የትምህርት ቤቱ ክፍያ ከመሳቢያው፣ ማታ የተረፈው "የዛሬ ሽያጭ"። ራስህ የማታውቀውን ቁጥር ሌላ ሰው ይገምትልሃል። ገመቱላት፤ አለቀሰች። አሁን ደግሞ በ2017ቱ የገቢ ግብር ማሻሻያ ደረጃ "ሐ" ቀርቶ፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ግለሰብ ነጋዴ ደረጃ "ለ" ነው፤ ግብሩም የሚሰላው ከጠቅላላ ሽያጩ እንጂ ከትርፉ አይደለም። እንግዲህ ዘመዶቼ ከሜሪላንድ ለእማማ መድኃኒት የላኩት ብር በሱቁ ሂሳብ ቢገባ፣ ሽያጭ አለመሆኑን ስታስረዳ የምትውለው ማን ናት? "በሱቁ ቴሌብር ልላክልሽ፣ ያው አንድ አይደል" የምትሉኝ ዘመዶቼ፣ ይሄን እያነበባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ አይደለም።

ወደ ጋሼ ልመለስ፤ እሳቸው ምኒልክ በ1882 እንጦጦ ማርያም መንገሣቸውን ሳያነሱ ቡና አይጠጡም። እኔም በሚወዱት መጣሁባቸው። "ጋሼ፣ ምኒልክ እንኳ ግምጃ ቤታቸውን የሚጠብቅ በጅሮንድ ነበራቸው። በ1900 ሚኒስትሮች ሲሾሙ የገንዘቡን የያዙት በጅሮንድ ሙሉጌታ አይደሉም እንዴ?"

ትንሽ አሰቡና "አንቺ ምኒልክ ነሽ?" አሉኝ።

"አይደለሁም። በጅሮንዷ ነኝ።"

ከቦርሳዬ፣ ከደሞዜ፣ አንድ ሺህ ብር አውጥቼ ሰጠኋቸው። "ይሄ የኔ ነው፤ አይመለስም።" ኪሳቸው ከተቱት፣ ተነስተው መረቁኝ፤ ጤና ይስጥሽ፣ ዕድሜ ይስጥሽ፣ "ሱቃችንንም ይባርክልን።"

ሱቃችንን!

ይኸው አክስቴ እየደወለች ነው፤ ወሬው ደርሷታል። አላነሳም።