ጠገራ ብሩን አትፈትጉብኝ

ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እናንተ ቤት ጠገራ ብር አለ? ቁጥሩን አትንገሩኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር በጎረቤት ጆሮ አይነገርም። በምን እንደተጠቀለለ ብቻ ንገሩኝ። በጨርቅ ተቋጥሮ? በፌስታል? ወይስ የድሮ ከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ከአዝራርና ከቁልፍ ጋር እየተንኳኳ?

አያቶቻችን ብር አስቀመጡ ሲባል ከሌባ ደበቁ ማለት ነበር። ገንቦ ውስጥ ከትተው ጓሮ ይቀብሩታል፤ አለቀ። ዛሬ ግን ጠገራን ውድ የሚያደርገው ብርነቱ ብቻ አይደለም፣ መልኩም ጭምር ነው። መልኩን ደግሞ ከሌባ ይልቅ የሚያጠፋው የባለቤቱ እጅ ነው።

ጠገራው ላይ ምስሏ ያለው እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ የተቀረጸው ጠገራ ሁሉ፣ ሙሶሊኒ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሮም ያስቀረጸው እንኳ ሳይቀር፣ ያንኑ 1780 ይዞ ነው የወጣው። ክብደቱ 28 ግራም እና ጥቂት፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። የእኛ ነጋዴ ታዲያ ጠገራ ሲቀበል የእቴጌይቱን የራስ ጌጥ ዕንቁዎች ይቆጥር ነበር፤ የትከሻዋንም ጌጥ ያያል። ዕንቁው ከጠፋበት «ይኼ አይሆነኝም» ብሎ ይመልሰዋል። እኛ ደግሞ ያንኑ ዕንቁ በአመድ፣ በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና ፈትገን እናጠፋዋለን! ጥቁረቱ እኮ እድፍ አይደለም። አየር ላይ ያለ ድኝ ከብሩ ጋር ሲዋሃድ የሚፈጥረው ስስ ሽፋን ነው። ስትፈትጉት ያ ሽፋን ብሩን ይዞ ይሄዳል፤ በምትኩ ጭረት ይቀራል፤ ሰብሳቢ ደግሞ ጭረቱን ገና ከሩቅ ያውቀዋል። በየጊዜው የሚታጠበው የአንገት መስቀል ጌጥ ነው፣ እሱን እንደፈለጋችሁ። ሳንቲሙን ተዉት።

ወደ መጠቅለያው እንምጣ። ሱፍ ጨርቅና ጎማ ድኝ ስላላቸው ብርን ያጠቁራሉ፤ ስለዚህ ብሩን በሱፍ መጠቅለልና በጎማ ማሰር ይቅር። ጥጥ ለስላሳ ይመስላል እንጂ እርጥበት ይይዛል። ፌስታል በሰው አፍ እንደሚባለው ክፉ አይደለም፤ ጥፋቱ ሳንቲሞቹ ውስጡ እርስ በርስ መፋተጋቸው ነው። እውነተኛው ጠላት ፒቪሲ የሚባለው ለስላሳ፣ አዲስ ሲሆን የሚሸት ፕላስቲክ ነው። ርካሽ የሳንቲም አልበሞች ብዙ ጊዜ ከእሱ ይሠራሉ። ዓመታት ሲያልፉ ሳንቲሙ ላይ አረንጓዴ፣ የሚያጣብቅ ነገር ይተዋል። ይህ ከደረሰባችሁ ሳትፈትጉ ንጹሕ አሴቶን ውስጥ መንከር ይቻላል። ሽቶና ዘይት ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም። ደግሞ እሳት ቶሎ የሚይዝ ፈሳሽ ነውና፣ እባካችሁ ከቡናው ከሰል ራቅ ብላችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ።

ለእያንዳንዱ ሳንቲም የየራሱ ቤት ይሁን። ከሁሉ የሚሻለው በልኩ የተሠራ ክብ ጠንካራ የፕላስቲክ ማቀፊያ ነው፤ ለጠገራ 40 ሚሊ ሜትር ግድም ስፋት ያለው ይፈልጋል። እዚህ ካልተገኘ አሜሪካ ያለ ዘመድ በሻንጣ ጥግ ያመጣዋል፤ ከሽቶ ይልቅ ይህን ብታዝዙ ምን አለ? ሳንቲሙ ውስጡ መንቀጫቀጭ የለበትም፣ መጨነቅም የለበትም። ማቀፊያዎቹን በምታስቀምጡበት ሳጥን ውስጥ ለሚነጠፈው ደግሞ የፍራሽ ስፖንጅ አትቁረጡ፤ ሲያረጅ ይፈረፈርና ይጣበቃል። ቴሌቪዥን የሚጠቀለልበት፣ እንደ ጨርቅ የሚታጠፈው ስስ ነጭ ፎም ይሻላል። ከአዲስ ጫማ ሳጥን የምትወጣዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢትም አትጣሏት፣ እዚያው ጨምሯት። ሳጥኑ ከወጥ ቤትና ከዕጣን ጭስ ይራቅ፤ የቫርኒሽ ሽታው ያልለቀቀው አዲስ ቁምሳጥን ውስጥም አይግባ።

የ1936 ዓ.ም. የመዳብ ሳንቲሞች ያሏችሁ ደግሞ ከብሩ የበለጠ ተጠንቀቁ፤ መዳብ የጣት ላብ እንኳ ይበቃዋል። ስሙኒው መጀመሪያ ክብ ነበር። በመጠን ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር ስለሚቀራረብ ብልጣብልጦች ብር እየቀቡ በሃምሳ ሳንቲም ሒሳብ ሲያሳልፉት፣ ጠርዙ ሞገድ እንዲኖረው ተደረገ። ክቡን ካገኛችሁ ለብቻው አስቀምጡት።

እያንዳንዱ ሳንቲም ከማን እንደመጣ በእርሳስ ጽፋችሁ ወረቀቱን ከማቀፊያው ውጭ አድርጉት፤ ፎቶውንም በሁለቱም ገጽ አንሱ። ልጆቹ እናያለን ብለው ካስቸገሩ ማሳየቱ ደግ ነው፣ መጀመሪያ ግን ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ፎጣ አንጥፉና ጠርዙን ብቻ በሁለት ጣት እንዲይዙ ንገሯቸው። የሊሾ ወለል ላይ አንዴ የወደቀ ጠገራ ጠርዙ ይጎረዳል፤ ያንን ደግሞ አንጥረኛም ቢሆን አይመልሰውም።