የልደታ ንፍሮና የቃኘው ሜዳልያ

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ የመጣሁት አያቴ ኮሪያ መዝመቱን የሚመሰክር ወረቀት ፍለጋ ነው። በእጄ የነበረው አያቴና ጓደኛው ያሉባት አንዲት የደበዘዘች ፎቶግራፍና የሴት አያቴ ቃል ብቻ ነበር፦ «አብሮት የዘመተው ጓደኛው ልደታ ሰፈር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብሎ ይኖር ነበር።»

የባቡር ጣቢያው ከመሬት ከፍ ያለ ነውና ሰፈሩን መጀመሪያ ያየሁት ከላይ ሆኜ ነው። ፎቅ በፎቅ! እኔ በሐሳቤ የሣልኩት የቆርቆሮ አጥርና የጓሮ ጌሾ ነበር። በዚህ ሁሉ ኮንዶሚኒየም መሀል የአንድ ወታደር ቤት ከየት ይገኛል ብዬ ልቤ ድክም አለ። ቀኑ ግን ግንቦት 1፣ የልደታ በዓል ነበር። ከሕንፃዎቹ መሀል ጭስ ይወጣል። ጠጋ ብል ሦስት ጉልቻ፣ ይህን የሚያህል ድስት፣ ዙሪያውን ጎረቤት! ስንዴው፣ ባቄላው፣ ሽምብራው ይንተከተካል። እኛ አገር ልደታ ደጅ ወጥተን እንውላለን፤ አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ድስቱን ተሸክሞ ይወርዳል ብዬ ግን መች አስቤ! የማላውቃቸው ሴቶች ንፍሮ በእፍኝ ሰጡኝ፤ ፎቶዬን ተቀባበሉ። አንዷ ጮኸች፦ «ውይ! ይሄኛው እማማ ቤት ግድግዳ ላይ ያሉት ናቸው እኮ!»

የጓደኛው ሚስት ወደሆኑት እማማ ቤት ወሰዱኝ። እማማ የአያቴን ስም ሲሰሙ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከአልጋው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ውስጡ ሜዳልያ! ጥብጣቡ ቀጫጭን ሰማያዊና ነጭ መስመር ነው፤ ቆጠርኩት፣ 17። የተባበሩት መንግሥታት ሜዳልያ ሆኖ ጽሑፉ በገዛ ፊደላችን ነው! በጣቴ ደጋግሜ ዳሰስኩት።

«ስም ብቻ ይዘሽ አትዙሪ ልጄ፤ ስንተኛ ቃኘው እንደሆነ ተናገሪ» አሉኝ። ለካ እስከዛሬ የምጠይቀው ስለ ጦር ሠራዊት ነበር፤ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ግን ከንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ የተውጣጣ ነው። ስሙን ያገኘው ከራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ ከአባ ቃኘው ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ ሚያዝያ 1943 በጅቡቲ በኩል ወጣ፤ እስከ ሐምሌ 1945ቱ የተኩስ ማቆም ድረስ ሦስት ሻለቆች እየተተካኩ ተዋጉ። ከ3,500 በላይ ዘምተው ከ120 በላይ ወደቁ፤ አንድም ሰው አልተማረከም። ይህን ሁሉ ዝና ይዞ፣ በ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ምክንያት ክብር ዘበኛ ፈረሰ፤ ደርግ ሲመጣ ደግሞ ከኮሚኒስት ጋር ተዋግቻለሁ ማለት የሚያስፈራ ሆነ። እማማ ያን ጊዜ ቆርቆሮውን የጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀብረውት ነበር። እጃቸውን ሳምኩ።

ከሜዳልያው ሥር አንድ የቡድን ፎቶ ነበር። ገለበጥኩት። በደበዘዘ ሰማያዊ ቀለም ስሞች ተደርድረዋል፤ ከላይ ስድስተኛው አያቴ ነው! «10 አለቃ»፤ ከጎኑ «1ኛ ቃኘው»። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት፤ እንደገናም አነበብኩት።

«ፑሳን የደረሱት ልደታ ሊሆን ቀናት ሲቀሩት ነው» አሉ እማማ። «ባሌ ሁልጊዜ ይለኝ ነበር፤ ንፍሮ ቢያጡ ከስንቅ የተረፈች ቆሎ ተካፍለው ልደታን ዋሉ።»

ነገ ይህን ፎቶ ይዤ አፍንጮ በር፣ ወደ ኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ እሄዳለሁ። አሁን ግን እማማ ወደ ታች ተጣርተው አንድ ሳህን ንፍሮ አስመጡልኝ፤ የአያቴን ስም ጭኔ ላይ አድርጌ እየቃምኩ ነው።