ፎቁ የነጋዴው ነበር

ሐረር ለጎባ ልጅ ባዕድ አገር ናት ማለት ይከብዳል። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ባሌ በሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር። ከዋቢ ሸበሌ ወዲህ ያለው አገር ተለይቶ ራሱን የቻለ ጠቅላይ ግዛት ሲሆን ነው ጎባ ዋና ከተማው የሆነችው። ከሐረርጌ ተነሥቶ ወደ ባሌው ድሬ ሼህ ሁሴን ለዝየራ የሚመጣው መንገደኛ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ወሰን በፊት የነበረ ነው። ቢሆንም ከሮቤ የስንዴ ማሳ ተነሥቼ፣ በአሰላና በአዳማ ዞሬ፣ አዋሽን ተሻግሬ፣ የጭሮንና የቁልቢን ዳገት ወጥቼ በግንብ ወደታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ወደ ጀጎል፣ ስገባ እንግድነቱ ወዲያው ተሰማኝ። እኛ ደጋ ላይ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚለየው ሜዳ ነው፤ ፈረስ ያስጋልባል። እዚህ ግን ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ መንገድ ነው፣ ግራና ቀኙ ግንብ።

ስለ ቅጥሩና ስለ በሮቹ፣ ማታ ማታ ስለሚቀለቡት ጅቦች ብዙ ስለተጻፈ አልደግመውም። እኔን ያቆመኝ የነጋዴ ቤት ነው።

የከተማው ሰው «ራምቦ ቤት» ይለዋል። ከእንጨት የተሠራ ባለ ፎቅ ቤት ነው፤ ጣሪያው በሥዕል ያጌጠ፣ መስኮቱ ባለ ቀለም መስታወት። ዛሬ ሙዚየም ሆኖ የድሮዋን ሐረር ፎቶግራፎች ይዟል። አርተር ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ገጣሚ ግጥም እርግፍ አድርጎ ከተወ በኋላ በ1873 ዓ.ም. ሐረር መጥቶ በቡናና በቆዳ፣ ኋላም በጦር መሣሪያ ነገደ፤ በ1884 ዓ.ም. ማርሴይ ላይ ሞተ። ቤቱ የተሠራው ግን እሱ ከሞተ በኋላ ነው፤ ያሠራውም ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ነገሩ ምስጢር አይደለም፣ የሚጠይቅ ሁሉ ይነገረዋል። ሆኖም እንግዳው ከሩቅ የሚመጣው ለገጣሚው ነው፤ ፎቶም የሚያነሣው ለእሱ ብሎ ነው። የገጣሚው ስም ቤቱን ከመፍረስ ስላዳነው አመሰግነዋለሁ። ግን እንጨቱን ያስጠረበው፣ መስታወቱን አሻግሮ ያስመጣው ሰው በገዛ ቤቱ ስም አጥቶ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

እንደ እሱ ያሉት ሕንዶች ከባሕር ማዶ ዘለው የመጡ አልነበሩም። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1839፣ እንግሊዝ ኤደንን ያዘች፤ ለቦምባይና ለጉጅራት ነጋዴም የቀይ ባሕር በር ሰፋለት። ከዘይላ እስከ ሐረር የቅፍለት መንገድ ጥንትም ነበረ። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረር በራስ መኮንን እጅ ስትሆን ሕንዶቹ እየተከተሉ ገቡ፤ ጨርቅና ሸቀጥ ሊሸጡ፣ ቡናና ቆዳ ሊገዙ። ኋላ በአዲስ አበባ አራዳ የገነነው የመሐመድ አሊ ንግድ ቤት መነሻው ሐረር ነበር፤ ጣሊያን በወረራው ጊዜ ከአገር እስኪያባርረው ድረስ በኢትዮጵያ ትልቅ ከሚባሉት አንዱ ሆኖ ቆይቷል።

ይዘውት የመጡት ሸቀጥ ብቻ አልነበረም። የሐረሪው ቤት፣ ጌይ ጋር የሚባለው፣ ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ግቢው ያዞራል፤ ክብሩ ሁሉ ውስጥ ነው፣ ነደባ በሚባለው ከፍና ዝቅ ያለ መደብና ግድግዳውን በሞላው ሰፌድና ሳህን። የሕንዱ ቤት ደግሞ አራት ማዕዘን፣ ባለ ሁለት ደርብ ነው፤ በረንዳው ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ ያያል። መንገድ ዳር በቆመው ላይ ነጋዴው ከቤቱ ሳይወጣ ገበያውን ያየዋል፣ ገበያተኛውም እሱን። ጥቂት ቆይቶ ከሁለቱ የተወለደ ሦስተኛ ዓይነት ቤት መጣ፤ የሐረሪውን አሠራር ከሕንዱ በረንዳ ጋር ያጣመረ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሲሆን እነዚህ ሁሉ ከእነ ልዩነታቸው ተቆጥረውለታል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው ነው። ከተማዋ እንግዳውን ፎቅ አልገፋችውም፣ ራሷንም አልተወችም።

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ በሚወስደው፣ በልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ «ማኪና ግርግር» በተባለው መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቆምኩ።

«አባቴ፣ ይህ ቤት ሱቅ ከሆነ ስንት ዘመኑ ነው?»

«ሱቅ ተብሎ ነው የተሠራው ልጄ፤ ሌላ ሆኖ አያውቅም» አሉኝ፣ እግራቸውን ከመርገጫው ሳያነሡ።

ይህች መልስ ከሙዚየሙ ይልቅ አሳመነችኝ። የንግድ ቤት ቅርስነቱ ግንቡ ብቻ አይደለም፤ እዚያ ደፍ ላይ መግዛትና መሸጥ አለመቋረጡም ጭምር ነው። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሐረርን ትቶ ድሬዳዋ ገባ፤ ትልቁ ንግድም ተከትሎት ወረደ። ሐረር ከሰረች፤ ነገር ግን እኔ እንደማስበው ትንንሾቹ ሱቆች በቦታቸው ሊቆዩ የቻሉት የሚያፈርስ ሀብት ስላልመጣባቸው ነው።

እዚያ ቆሜ የማስበው ጎባን ነበር። የእኛ ከተማ ከምኒልክ ጦር ሰፈርነት የተነሣች ናት፤ የሕንድ ፎቅ የላትም። ያላት በጥድ ምሰሶ የቆመ፣ በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ በሳንቃ የሚዘጋ ሱቅ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆነ፤ ደስ አለን፣ ይገባዋልም። እንግዳው ግን ጎባን በመኪና መስኮት እያየ ቀይ ቀበሮ ፍለጋ ወደ ፓርኩ ሳነቲ አምባ ይወጣል፤ ሱቆቹን ማንም ቅርስ ብሎ አይቆጥራቸውም። አንዱ በፈረሰ ቁጥር በቦታው ብሎኬት ይቆማል፤ ባለቤቱን አልወቅስም፣ ዝናብ የሚያስገባ ቤት ይዘህ ኑር ማለት አይቻልም። የሚያስቆጨኝ ሳይለካ፣ ፎቶ ሳይነሣ፣ ታሪኩ ሳይጠየቅ መፍረሱ ነው።

ስመለስ ከማን እንደምጀምር አውቃለሁ። እኛ ሰፈር ጨውና አቡጀዲ ሲሸጡ የኖሩ አንዲት እናት አሉ። ሱቁን ማን እንዳሠራው፣ አናጢው ከየት እንደመጣ፣ ቆርቆሮው መኪና በማይገባበት ጊዜ በምን ተጭኖ ጎባ እንደደረሰ እጠይቃቸዋለሁ፤ የሚሉኝንም ከእነ ስሙ እጽፈዋለሁ።